የአዴ በዳቱ ጭኮ

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸው ፊት ስቀርብ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ልጆቼ ላይ መጮኼን እደረድርና ይቺን አንዷን እዘላለሁ። ስዘላት ደግሞ አውቄ ነው። ሰው ሊናዘዝ ሄዶ ለራሱ ጥብቅና ይቆማል? እኔ ቆሜአለሁ። ያውም ስንት ዓመት ሙሉ!

ዛሬ እናንተ ፊት ልናገረው ነው፤ እዚሁ ገጽ ላይ፣ ጥፋቱን የሠራሁበት ቦታ ላይ። ያስገደደኝ የለም። የከሰሰኝም የለም፣ ሊከሰኝ የሚችልም የለም። የሠራሁት ነገር ወንጀል ይሁን አይሁን ሕጉን አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ አይደለም። ስለዚህ «ፈርታ ነው» የምትሉ አፋችሁን ሰብስቡ። አልቅሼ አንጀታችሁን እንድበላም አትጠብቁኝ። ያደረግኩትን እናገራለሁ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ገጹን ለማታውቁ፣ ሂሩት እባላለሁ። ሰበታ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ መደዳ ቢሮ ያለኝ ጠበቃ ነኝ። «ችሎት ዳር» የተባለውን ይህን ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ። የራሴ ጉዳይ በሌለበት ቀን ችሎት ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ክርክሩን እሰማለሁ፣ ከዚያ ሕጉ ምን ይላል፣ ዳኛው ምን አሉ፣ እኔስ ምን መሰለኝ ብዬ እጽፋለሁ። የባለጉዳይ ስም አልጽፍም፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ነው። ሲጀመር የሚያነቡኝ የሕግ ተማሪዎችና ሥራ የፈቱ ጠበቆች ነበሩ። «እኔ እንኳ ፌስቡክ አላይም» እያሉ አንድም ጽሑፍ የማያመልጣቸው ዳኞችም ነበሩ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ጣጣ መጣ። አዲስ አበባ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ጠቅልላ ልትወስድ ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴ አለቀ አለ፣ ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ልጆች በአይሱዙ እየተጫኑ ታሰሩ። እኔም ጻፍኩ። ገበሬ ከመሬቱ ሲነሳ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ፣ የታሰረ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ ዋስትና መቼ እንደሚከለከልና መቼ እንደማይከለከል፣ ሌላው ዝም ባለበት ሰዓት እኔ ጻፍኩ። እናቶች የጻፍኩትን በሰው አስነብበው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሲከራከሩበት በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን አልክድም፤ አላፍርበትምም። ዛሬ የምናገረውን ይዞ «አያችሁ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ውሸት ነበር» ሊል ያሰፈሰፈ ካለ ከአሁኑ ይውጣልኝ። ጩኸቱ እውነት ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን በአንድ ከረጢት አትክተቱብኝ።

በየጽሑፌ ሥር ግን አንድ ጥያቄ መምጣት ጀመረ። «የማን ነሽ?» ስሜ ሂሩት፣ የአባቴ ስም መንገሻ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ መንግሥት ቤት የተቀጠረ ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ የተፍኪ ገበሬ ልጅ ናት። ከአማርኛና ከኦሮምኛ አፌን የፈታሁት በየትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀውም። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ ተምሬ፣ እዚህ ወልጄ፣ ማንነቱን የማላውቀው፣ በፊቱ ፈንታ የመኪና ፎቶ የለጠፈ ሰው «አንቺ ስለ መሬታችን ምን አገባሽ?» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ስቆ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን አቃተኝ። ከእነሱ በላይ እነሱን ሆኜ ላሳያቸው አማረኝ። ያ የመኪና ፎቶ የለጠፈ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አጠገቤ አልነበረም። ለእሱ ስል ግን አጠገቤ ያደገውን ሰው ሸጥኩ።

የሸጥኩት ሰው ጉዲሳ ነው።

ጉዲሳን የማውቀው ከልጅነቴ ነው። ፉሪ ላይ ጎረቤታሞች ነበርን። ኦቦ ለሜሳና ባለቤታቸው አዴ በዳቱ ገበሬዎች ነበሩ፤ መሬት አላቸው፣ ከብት አላቸው፣ ልጅ ግን አልሆነላቸውም። ግቢያቸው ውስጥ ከሰሜን የመጣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሚስቱ ታማ ሞተች። ሰውየው ሕፃን ማሳደግ ሲያቅተው እነ ኦቦ ለሜሳን «ውሰዱልኝ» አላቸው፤ እነሱም በጉዲፈቻ ወሰዱት። ጉዲፈቻ ማለት እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ጎረቤት ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወላጅ አባት አሳልፎ ይሰጣል፣ ተቀባዩ «ከእንግዲህ የእኔ ልጅ ነው» ብሎ ሰው ፊት ይምላል። ከዚያ ወዲያ የወለዱት ልጅና ያሳደጉት ልጅ ብሎ ነገር የለም፤ ብሎ የሚለይ ሰው ነውረኛ ነው።

እዚያ ነበርኩ። ልድገመው፣ እዚያ ነበርኩ። እናቴ እጄን ይዛ ወስዳኝ፣ ከሴቶቹ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ አናቱን ቅቤ ተቀብቶ፣ ቅቤው ግንባሩ ላይ ሲወርድበት በጣቱ እየጠረገ ይልስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ጉርሙ የሚባሉት ሽማግሌ መረቁትና ስሙን ጉዲሳ አሉት፤ ማሳደግ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ስም ነው። አዴ በዳቱ ጭኮ ይዘው ዞሩ። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ የታሸ፣ ገና ሞቅ ያለ ጭኮ። እኔም ጋ ደረሱና መዳፌን ሞልተው ሰጡኝ። «ወንድምሽ ነው፤ ብዪለት» አሉኝ በኦሮምኛ። በላሁለት። ጨምሩልኝ ብዬም እናቴ ጭኔን ቆንጥጣኛለች።

ወላጅ አባቱ ትንሽ ቆይቶ ወደ አገሩ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ቀበሌ ያስመዘገበው ግን እሱ ስለነበረ መዝገቡ ላይ ልጁ «ጌታቸው» ተብሎ፣ በወላጅ አባቱ ስም ቀረ። ትምህርት ቤቱም መታወቂያውም በዚያው ሄደ። እናስቀይረው ያለ ሰው አልነበረም፤ ምን ብሎ ይላል? አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ጉዲሳ ብሎ ነው። ጉዲሳ ለሜሳ ተብሎ አረሰ፣ ጉዲሳ ለሜሳ ተብሎ ዕድር ገባ፣ ኦቦ ለሜሳ ሲያርፉም የልጅ ቦታ ቆሞ አባቱን ቀበረ።

ኦቦ ለሜሳ ካረፉ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ከሰሰ። አጎቴ ልጅ አልነበራቸውም፣ ይህ ሰው የተከራይ ልጅ ነው፣ የአጎቴ የመሬት ድርሻ ለእኔ ይገባል አለ። ጊዜው ያ ሁሉ ግርግር ያለበት ጊዜ ነው። ጉዲሳ ወረቀት የለውም። ጉዲፈቻው ፍርድ ቤት ቀርቦ አልጸደቀም፤ ያኔ ለዚህ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን ነበር? የክርክሩ ጭብጥ አንድ ብቻ ሆነ፤ በባህሉ መሠረት ጉዲፈቻ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም? ይህ የሚረጋገጠው ደግሞ አይቻለሁ በሚል ሰው ነው። ከተቀመጡት ሽማግሎች በሕይወት የቀሩት ኦቦ ጉርሙ ብቻ ነበሩ። እናቴ አርፋለች፣ ደጃፉ ላይ የነበሩት ሴቶችም ሞተዋል ወይም ከአካባቢው ሄደዋል፤ አዴ በዳቱ ደግሞ ነገሩ የሚነካቸው ስለሆነ ቃላቸው ብቻውን አይበቃም። አንዱ ምስክር ኦቦ ጉርሙ፣ ሁለተኛዋ እኔ።

ጉዲሳ ቢሮዬ መጣ። ጫማው ጭቃ ስለነበረ በሩ ላይ ቆሞ ሲያራግፍ አስታውሳለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«ሂሩት፣ እዚያ ነበርሽ አይደል? እማዬ ታስታውስሻለች። መጥተሽ ያየሽውን ብቻ ተናገሪልኝ።»

እኔስ ምን አልኩት? «ጉዲሳዬ፣ እኔ እኮ ስለ ችሎት የምጽፍ ሰው ነኝ። ምስክር ሆኜ ከቆምኩ ገለልተኛ አልሆንም።»

ገለልተኛ! እዩልኝ እስቲ ይቺን ቃል! ያየሁትን አይቻለሁ ማለት ነው ወይ ወገንተኝነት? ያላየሁትንስ ጨምሪ አለኝ? እሱ ግን የተማረች ሰው የተናገረችው ነው ብሎ አመነኝ። «እሺ፣ አስቸገርኩሽ» ብሎ ወጣ። አስቸገርኩሽ አለኝ፣ እኔን!

እዚያ ላይ ባቆም እንኳ ፈሪ ነች ተብዬ ይበቃኝ ነበር። አላቆምኩም። በዚያው ሳምንት ስለዚሁ ጉዳይ ጻፍኩ።

ርዕሱን አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ «ጉዲፈቻ ወይስ የመሬት ሽያጭ?» የሚል ነበር። በዚያ ሰሞን ፉሪ አካባቢ የእርሻ መሬት በየዓይነቱ ካባ እየተሸፈነ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ የብድር ውል ይለዋል፣ ሌላው ስጦታ ይለዋል። ጢሙን ያሳደገ ነጋዴ የገበሬ «የጉዲፈቻ ልጅ» ሆኖ መሬት ሲወርስም አይቻለሁ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ሰዉ የተናደደው በእውነተኛ ነገር ነው። እኔ ግን ለዚያ ቁጣ ምሳሌ ፈልጌ ያቀረብኩት ነጋዴውን አይደለም። ቅቤ እየላሰ ያየሁትን ልጅ ነው። ለምን? ጉዳዩ ስለተመቸኝ። የሰሜን ሰው ስም፣ የፉሪ መሬት፣ ሰነድ የሌለው ጉዲፈቻ፤ ከዚህ በላይ ምን ይመቻል?

«ጌ.» ብዬ ጻፍኩት። «ጉዲሳ» የሚለውን ስም አንድም ቦታ አላነሳሁም፤ ያንን ብጽፍ አንባቢው ሁለተኛ ያስብ ነበር። አባቱ ከሰሜን የመጣ ተከራይ መሆኑን ጻፍኩ፣ በስንት ዓመቱ ያቺ ቤት እንደገባ ግን አልጻፍኩም። ከዚያ እንዲህ አልኩ፤ ሰነድ የለም፣ በፍርድ ቤት አልጸደቀም፣ ዕድሜ ከተጫናቸው ከአንድ ሽማግሌ በቀር በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ሰው የለም።

የለም አልኩ። የለም ብላ የጻፈችው ራሷ ያየችው ሴት ናት! ይህን በእነዚህ ጣቶቼ ጽፌዋለሁ። ሳልሰክር፣ ሳልታመም፣ ሳልገደድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጽፌዋለሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ይህ ጉዲፈቻ ነው ወይስ መሬታችንን በስርቆሽ በር መውሰጃ? ለውይይት ክፍት ነው» ብዬ የጥያቄ ምልክት አደረግኩበት። እኛ ጠበቆች ብልጦች ነን፤ ያልደፈርነውን ውሸት በጥያቄ እንናገረዋለን። በኋላ ቢጠይቁን «እኔ እኮ አልወሰንኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ» እንላለን። ለስንት ዓመት ለራሴ የምለው እሱኑ ነበር። መልሱን እያወቁ መጠየቅ መጠየቅ ነው እንዴ? «መሬታችን» የምትለዋንስ ቃል ልብ ብላችኋል? ለዚያች ቃል ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት።

ጽሑፉ ነደደ። ከዚያ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል ሰው አልተቀባበለውም። ያ የመኪና ፎቶ ያለው ሰውዬ «አንቺ እኮ የእኛ ነሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ደጋግሜ አነበብኩት።

ትንሽ ቆይቶ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ልሰርዘው ብል እንኳ አልችልም ነበር እያልኩ ስጽናና ኖሬአለሁ። ኧረ ወዲያ! ከመቋረጡ በፊት ስንት ቀን ነበረኝ፤ ስክሪኑ ላይ ተጥጄ ስንት ሰው ወደደው እያልኩ ነበር የማየው። ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ወረቀት አልጠፋም። ከቢሮዬ ጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጽሑፌን እያባዛ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ካፌ ውስጥ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ጸሐፊዋ አጠገባቸው ማኪያቶ ትጠጣ ነበር።

የጉዲሳን ቤት ያቃጠለ የለም። ድንጋይ የወረወረበትም የለም፤ ያ ቢሆን ኖሮ ራሴን ነጻ ማውጫ ባገኘሁ፣ ወንጀለኛው ሌላ ሰው በሆነ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ጤፉ ደርሶ ደቦ ጠራ። አዴ በዳቱ ጠላውን ጠምቀው፣ ንፍሮውን ቀቅለው ጠበቁ። የመጣ ሰው የለም። በየዓመቱ የሰው ማሳ ላይ ማጭድ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው ጉዲሳ፣ ያን ዓመት ከእናቱ ጋር ሁለት ሆነው አጨዱ። አንዱ ጎረቤት ሲነግረኝ «ምን ይደረግ፣ ወረቀቱ ላይ አነበብን እኮ» አለኝ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው እያወቀ ለእኔው ይነግረኛል።

ከዚያ የምስክር ቀጠሮ ደረሰ። ኦቦ ጉርሙ ሊመጡ ተዘጋጅተው ነበር አሉ፤ ልጆቻቸው ናቸው የከለከሏቸው። «አባባ፣ መሬት ለሚቸበችብ ሊመሰክሩ ነው እንዴ? ጽሑፉ ላይ ያሉት ሽማግሌ አንቱ ነዎት ይላሉ» ብለዋቸው ሽማግሌው ቤት ቀሩ። እኔ እንደ ልማዴ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ብዕሬም እጄ ላይ ነው። ዳኛው የኦቦ ጉርሙን ስም አስጠሩ፤ አቤት ያለ የለም። ጉዲሳን «ሌላ ምስክር አለህ?» አሉት።

ዘወር አለ። አየኝ። ልብ በሉ፣ ስሜን ቢጠራ፣ በጣቱ ቢጠቁመኝ፣ መጥሪያ ይውጣልኝ ቢል መቅረብ ግዴታዬ ነበር። የምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሜ አላየሁም ማለት እችል ነበር ወይ? አልችልም። እሱም ያውቃል። እያየኝ ትንሽ ጠበቀ፤ በራሷ ትነሳለች ብሎ ይመስለኛል። አልተነሳሁም። ወደ ዳኛው ዞረና «የለኝም» አለ። በግድ የመጣ ምስክር አልፈለገም። አልተነሳሁም። ከዚያች ወንበር ተነስቶ «እኔ አለሁ» ለማለት ስንት ጉልበት ይፈጃል? አልተነሳሁም፣ አልተነሳሁም። ፍርዱም ጉዲፈቻው መደረጉ አልተረጋገጠም፣ የመሬቱ ድርሻ ለከሳሽ ይሰጥ ተብሎ ተወሰነ። ዳኛውን አልወቅስም፤ ፊታቸው ባለው ማስረጃ ነው የፈረዱት። የጎደለው ማስረጃ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከፍርዱ በኋላ አዴ በዳቱ ራሳቸው መጡ። ከፉሪ ድረስ በታክሲ፣ በበትር እየተደገፉ። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። «አካም ጂርታ» አሉኝ፣ ደኅንነቴን ጠየቁ፣ የልጆቼን ጤና ጠየቁ፣ ሰላምታውን አንድም ሳያጎድሉ ጨረሱ። ከዚያ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ጠየቁኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጭኮዬ ጨው በዝቶበት ነበር?»

«አዴ፣ ነገሩ የሕግ ነገር ነው፤ ለእርስዎ አይገባዎትም» አልኳቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አይገባዎትም አልኩ!

«ይሁን፣ ሕጉን አንቺ እወቂው» አሉኝ። «እኔ የማውቀው ልጄን ነበር። አሁን ልጅሽ አይደለም ብለው ወረቀት ሰጡኝ። መሬቱን ተዪው፣ መሬት መሬት ነው። እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ መካን አደረግሽኝ።»

ወጡ። በትራቸው ኮሪደሩ ላይ ኳ ኳ ሲል ይሰማኝ ነበር፤ ተነስቼ እንኳ አልሸኘኋቸውም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባል የለ? እኔም አፈርኩና አልመለስኩም። ጽሑፉን ከዚያ በኋላ ለማንም ሳልናገር ሰረዝኩት። ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ ማስተካከያ አላወጣሁም፤ ብቻ አጠፋሁት፣ ድመት ኩሷን እንደምትቀብር።

አዴ በዳቱ ብዙ አልቆዩም። ለቅሶ ሄጃለሁ። በየትኛው ፊቴ እንደሄድኩ አትጠይቁኝ፤ ሄድኩ። መቃብሩ ላይ የልጅ ቦታ የቆመው ያ የባላቸው የወንድም ልጅ ነበር። ሽማግሎቹ ጠብ እንዳይነሳ፣ ፍርድ ቤት ያለውን እንዳንጥስ ብለው እንዲያ ወስነው ነበር። ጉዲሳ ከጎረቤት ጋር ቆመ። እናቱን ከጎረቤት ጋር ሆኖ ቀበረ! አፈር ሲመለስ ወንዶቹ አካፋ ሲቀባበሉ ለእሱ የደረሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ቀብሩ ሲያልቅ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እሱ ከዚያ ወዲያ ፉሪ አልተቀመጠም።

እኔስ? እኔማ አደግኩ። የገጼ ስም ገነነ፣ ደንበኛ በዛልኝ፣ ስብሰባ ላይ እየተጠራሁ ስለ ጽሑፍ ሥነ ምግባር ተናገርኩ። በደንብ ነው የተናገርኩት፤ ተጨብጭቦልኛል። ጉዲሳ ትዝ ሲለኝ «ጊዜው ነው፣ ያኔ ሁሉም አብዶ ነበር» እላለሁ። ዛሬም እንዲህ ብላችሁ ልታጽናኑኝ የምትነሱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ተዉኝ። ጊዜ ጣት የለውም። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ከተማ፣ በራቸው ላይ ቆመው የጎረቤታቸውን ልጅ ያተረፉ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱስ በሌላ ዘመን ነበሩ? እንዲያው የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ እንጂ፣ እኔ የወጋሁትም አልረሳሁም።

ባለፈው ሰሞን ፈልጌው ሄድኩ። ሱሉልታ መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ከፍቷል። ስደርስ የአይሱዙ ጎማ ፈትቶ የውስጥ ጎማውን እያላቀቀ ነበር። አወቀኝ። አሮጌ ጎማ ላይ ካርቶን አንጥፎ «ተቀመጪ» አለኝ። እናቱ ለእኔ የነፈጉኝን እሱ ሰጠኝ ልል አልችልም፤ እሳቸውም የነፈጉኝ ነገር የለም። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። በደልኩህ አልኩት፣ ይቅር በለኝ አልኩት፣ ተንበረከኩም። ሥራውን አላቆመም።

«ተነሽ፣ ዘይት አለ፣ ልብስሽ ይበላሻል» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ይቅርታሽን ምን ላድርገው? እኔ ያኔ የጠየቅኩሽ ምስክርነት ነው።»

ጉዳዩ ተዘግቷል፣ የይግባኙ ጊዜ አልፏል፣ አሁን ብመሰክር ምንም አይጠቅምህም ብዬ ሕጉን ላስረዳው ጀመርኩ። አሁንም ሕግ! አሁንም አይገባህም ልለው ነበር መሰል።

«ፍርድ ቤት ሂጂ አላልኩሽም» አለኝ። «እዚያው በጻፍሽበት ጻፊው። ስሜን በሙሉ ጻፊው።»

ከዚያ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚተነፍስበትን ቦታ መፈለግ ጀመረ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። እኔም ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን ምን አገባችሁና! የምትሰድቡኝ ስደቡኝ። «የማን ነሽ?» የምትሉኝም ዛሬ ጠይቁኝ፤ ጭኮውን በልታ የካደች ነኝ። ፈቃድሽን ትነጠቂያለሽ የምትሉኝ፣ ይንጠቁኝ። ይህን ጽሑፍ ግን አልሰርዘውም፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱም እንደ ያኔው እያባዛ ይሽጠው።

ምስክርነቴ ይኸው። ምስክር አስቀድሞ ይምላል፤ እኔም በበላሁት እህል እምላለሁ። ስሜ ሂሩት መንገሻ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጥርሴን የምነቅልበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ ግን አይቻለሁ። ፉሪ፣ በኦቦ ለሜሳ ግቢ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ ወላጅ አባቱ አሳልፎ ሲሰጥ፣ ኦቦ ለሜሳ ልጄ ነው ብለው ሲምሉ፣ ኦቦ ጉርሙ ሲመርቁ አይቻለሁ። የዚያን ቀን ስሙ ጉዲሳ ለሜሳ ተባለ። ወንድምሽ ነው ተብዬ ከእናቱ እጅ ጭኮ ተቀብያለሁ፣ በልቻለሁ። መስቀለኛ ጥያቄ ያለው ካለ ቢሮዬን ታውቁታላችሁ።

አዴ በዳቱ መካን አልነበሩም። ልጅ ነበራቸው፤ ሱሉልታ ነው ያለው።